ከፊልሙ ዘግይቶ የወደቀው ኩባያ

ዘውድነሽ ኃይለየሱስን አንድ ሰከንድ ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቋት መዳፏን ትዘረጋላችሁ ነበር። ከመካከለኛ ጣቷ ጫፍ እስከ እጇ አንጓ ድረስ። በጠባቡ ፊልም ላይ ሃያ አራት ትንንሽ ሥዕሎች ተሰልፈው የሚይዙት ቦታ ይኸው ነው፤ ሃያ አራቱ በማሳያው ማሽን ውስጥ ሲያልፉ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ሌላው ሰው ጊዜን ከሰዓት ላይ ያነባል። እርሷ ጊዜን ትዳስሰው ነበር፤ ሲበጠስ ትቀጥለው፣ ሲዝረከረክ ትጠቀልለው ነበር።

ናዝሬት ተወልዳ ናዝሬት ያደገች ናት። አባቷ ከቡልጋ መጥቶ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲጭን ኖሮ ሞተ፤ እርሷ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ በከተማው ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ሆነች። የማሳያው ማሽን ሠራተኛ አቶ አብተው ዓይናቸው ሲደክም የእርሷን ጣቶች አዩና ወደ ላይኛው ክፍል ጠሯት። ምላጭ፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ከሥሩ አምፖል የበራበት መስተዋት ሰጧት። የተበጠሰውን ፊልም በመስተዋቱ ላይ ዘርግታ፣ ፍሬም የሚሏትን እያንዳንዷን ትንሽ ሥዕል በአጉሊ መነጽር እያየች ትቀጥላለች። መቼም ልብ ላለው ሰው የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የሚሮጥ ሰው እርሷ ዘንድ ሲደርስ ቆሟል፤ የሚስቅ አፍ ከሳቁ በፊት ተከፍቶ ይጠብቃል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት የማታ ትምህርት ጀመረች። ለምን ሲሏት፣ “እዚህ ሁሉም ቆሞ ነው የማየው፤ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ አማረኝ” ትል ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የመሠረተ ትምህርት ተመራቂዎች በገበያው መንገድ ሰልፍ ወጡ። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከው ካሜራ አንሺ ደሊል፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ልጅ፣ ከመንገዱ ማዶ በርሜል ላይ ቆሞ ሰልፉን ያነሳል። የሰልፉ ጅራት አልፎ መንገዱ ለጋሪ እንደተከፈተ፣ ኢተፋ መርዳሳ ሦስት ሰዎች ጭኖ በካሜራው ፊት አለፈ። ሃምሳ ሜትር ያህል ሳይርቅ፣ ከካሜራው ዓይን ውጭ፣ የሸክላ ነጋዴዋ ተሻለች ሰልፈኞቹን በዓይኗ እየሸኘች ወደ ኋላ ስትረግጥ የጋሪው ዘንግ ክንዷን አገኘው። ክንዷ ተሰበረ።

ኢተፋ ከደራ አካባቢ የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት የዘለለው፣ ከዘውድነሽ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር ሰው ነው። ያለው ፈረሱ ቦራ ብቻ ነው። ጋሪው እንኳ የራሱ አልነበረም። የጋሪ ነጂዎች ማኅበር በዚያ ዓመት ባወጣው ደንብ፣ በገበያው መንገድ ላይ በሰዓት ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነበር፤ በሰው ቋንቋ ሲተረጎም ሶምሶማ ይፈቀዳል፣ ግልቢያ ይከለከላል ማለት ነው። ደንቡን ጥሶ ሰው የጎዳ ታርጋው ይነጠቃል፤ ፈረሱም ለገበሬዎች ማኅበር ይሰጣል። ቦራ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀበሌው ግቢ ከባሕር ዛፍ ጋር ታሰረ።

ምስክሮቹ አልተስማሙም። ግማሹ ጋልቧል አለ፣ ግማሹ አልጋለበም። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሊቀመንበር ጓድ ገብረወልድ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ለፍርድ የማይቸኩሉ፣ የተናገሩትን ግን ለመመለስ የማይወዱ ሰው። ሰልፉ በካሜራ መነሳቱን ሲሰሙ ፊልሙ ከአዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመጣ ጉዳዩን በይደር አቆዩት።

ፊልሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት፣ በሲኒማ ቤቱ ታየ። አዳራሹ ሞልቷል። ሰልፈኛው ገና ብቅ ሲል ሕዝቡ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ዱብ ዱብ እያሉ ይራመዳሉ፣ ከበሮ መቺው ክንዱ አይታይም፣ ሴቶቹ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ይፈተለካሉ። አንዱ ከኋላ፣ “ምን ያስሮጣቸዋል? ፈተናው ገና ነው እንዴ?” አለ። ጓድ ገብረወልድ ዞር ብለው፣ ሕዝቡ በአብዮቱ ስሜት መጣደፉ የሚያስቅ ነገር እንዳልሆነ ተናገሩ። ከዚያ ጋሪው መጣ። ቦራ እንደ ንፋስ በግራ ገብቶ በቀኝ ወጣ። ማንም አልሳቀም።

ሊቀመንበሩ ተነሥተው፣ “የሰው ዓይን ይረሳል፤ ይህ የማይረሳ ዓይን ነው” አሉ። ውሳኔው ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ኢተፋ ግቢው በር ላይ ተቀምጦ ሲያገኙት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሶምሶማ ነው የነዳሁት። ጎረቤቶቹ አዘኑለት እንጂ አላመኑትም። በገዛ ዓይናቸው አይተዋል። ዘውድነሽ ግን ፊልሙ ለአንድ ሳምንት እርሷ ዘንድ እንደሚቆይ ታውቃለች። ሰኞ ጠዋት ኢተፋን፣ “ኦቦ ኢተፋ፣ ጋሪው የት ነው ያለው? ጎማውን ልለካው ነው” አለችው።

“ጎማው ምን አደረገ? የተከሰሰው ፈረሱ ነው።”

“ፈረሱ አይናገርም። ጎማው ይናገር እንደሆነ እንይ።”

የጋሪው ጎማ አሮጌ የመኪና ጎማ ነው፤ በጎኑ ላይ ኢተፋ ከሌላው ጋሪ ለመለየት የቀባት መዳፍ የምታህል ነጭ ምልክት አለች። ዘውድነሽ ጎማውን በሲባጎ ዙሪያውን ለካች፤ ሁለት ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር። እንግዲህ ነጯ ምልክት አንድ ዙር በዞረች ቁጥር ጋሪው ሁለት ሜትር ከአራት ሄዷል ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ፊልሙን በመስተዋቱ ላይ ዘረጋች። በእያንዳንዷ ፍሬም ላይ ነጯ ምልክት የት እንደደረሰች በካሬ ወረቀት ላይ በመርፌ ነጠብ ነጠብ አደረገች። አንዷን ፍሬም ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥር በየአምስተኛው ነጥብ ላይ ቀይ ምልክት አደረገች። አራት ዙር በሠላሳ ሦስት ፍሬም። ለሃያ አራት አካፈለች፣ ሜትሩን ወደ ኪሎ ሜትር ቀየረች።

ሃያ አንድ ወጣ። ከሃያ አንድም ትንሽ ትርፍ።

እንደገና ቆጠረች፤ ሠላሳ ሦስት። ሲባጎውን እንደገና ለካች፤ ያው ነው። ልታድነው የተነሣችው ሰው በእርሷው መርፌ ተፈረደበት። ወረቀቱን ቀድዳ ጥላ ምንም እንዳልለካች መሆን ትችል ነበር፤ ማንም አላዘዛትም። ግን ሲመሽ ኢተፋን ፊት ለፊት ነገረችው። አልተቆጣትም። ፈረሱን ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። የቀበሌው ዘበኛ አላስገባ ብሎት ቦራን ካየ ብዙ ቀን ሆኖት ነበር።

በማግስቱ ወደ ላይኛው ክፍል ወሰደችው። ኢተፋ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ መስተዋቱ ላይ አጎነበሰ፤ ለረጅም ጊዜም ቀና አላለም። እዚያች ጥፍር በምታህል ሥዕል ውስጥ ቦራ አራት እግሩን ከመሬት አንሥቶ፣ አንዳች ነገር ሳይረግጥ፣ አየር ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ፈረስ የነዳ ሰው ይህን አይቶ አያውቅም። ማንስ አይቷል? በየቀኑ በፊታችን የሚሆን፣ ፍጥነቱ ግን ከዓይናችን የሰወረው ነገር!

“መሬት ይለቃል ለካ” አለ ኢተፋ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጣቱን ከሥዕል ወደ ሥዕል እያሻገረ፣ “አየሽ ዘውዴ፣ የቀኝ የፊት እግሩና የግራ የኋላው አብረው ናቸው። ከዚያ የግራ ፊቱና የቀኝ ኋላው። ሁለት፣ ሁለት። ይህ ሶምሶማ ነው። ሲጋልብ እግሩ እንዲህ አይገጥምም።”

“በሶምሶማ በሰዓት ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ይሄዳል?”

“ሦስት ሰው ጭኖ? ቦራ? እናቱም አልቻለችው።”

ዘውድነሽ ተቀመጠች። ቁጥሩ ጋልቧል ይላል፤ እግሩ አልጋለበም ይላል። ሁለቱ በአንድ ፊልም ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የእግሩን ነገር ለሸንጎው ብትናገር ደግሞ ናዝሬት ውስጥ ስለ ፈረስ አላውቅም የሚል ሰው የለም፤ ክርክር ብቻ ይሆናል። ቀስ በቀስ አንድ ጥያቄ መጣባት፤ ጎማውን ለክቻለሁ፣ ፍሬሙን ቆጥሬአለሁ፣ ሰከንዱን ግን ማን ለካልኝ? ማሽኑ ሃያ አራት ስለሚያሳይ ካሜራው ሃያ አራት አንሥቷል ብላ ዝም ብላ ተቀብላ ነበር። ያ ሁሉ የተጣደፈ ሰልፈኛ ፊት ለፊቷ እየሮጠ!

አቶ አብተውን ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም በእጅ የሚጠመዘዝ ካሜራ ትንሽ ቁልፍ እንዳለው፣ ቁልፉ አሥራ ስድስት ላይ ከሆነ በሰከንድ አሥራ ስድስት ፍሬም ብቻ እንደሚያነሳ፣ ያንን በሃያ አራት ሲያሳዩት ሁሉም ነገር በአንድ ተኩል እንደሚፈጥን ነገሯት። የእነርሱ ማሽን ደግሞ ከሃያ አራት ሌላ ፍጥነት አያውቅም።

“ግን በስንት እንዳነሳ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም” አሉ። “የሚያውቀው አንሺው ነው።”

ደሊልን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አገኘችው። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ፊቱ ተለወጠ። የታዘዘው በሃያ አራት ነው፣ በሃያ አራት ነው ያነሳሁት አላት። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ተመልሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እትዬ ዘውዴ፣ ትእዛዝ ጥሶ የመንግሥት ፊልም አበላሸ ቢሉኝ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሻጥር ነው” አላት። በዚያ ዘመን ያችን ቃል ሰው ጮክ ብሎ አይናገራትም ነበር። ዘውድነሽ አላስጨነቀችውም። ስሙን እንደማታነሳ፣ ፊልሙ ራሱ የሚናገረውን ብቻ እንደምትናገር ነግራው ሄደች።

ፊልሙ እንዴት ይናገር? ሰዓት የያዘ ሰው ፈለገች፤ የለም። ከበሮ መቺው ምቱን እኩል ይዞ ይሆን? ከበሮ መቺ ደስ ሲለው ይፈጥናል። ማንም ሊያጣድፈው፣ ማንም ሊያዘገየው የማይችል ነገር ያስፈልጋት ነበር። የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሯን ስታገላብጥ አገኘችው፤ የሚወድቅ ነገር። ድንጋይም ይሁን ብርቱካን፣ ንጉሥም ይጣለው ካድሬ፣ ከእኩል ከፍታ የወደቀ ከባድ ነገር በእኩል ጊዜ መሬት ይደርሳል። ምድር ለማንም አድልታ አታውቅም።

ረቡዕን ሙሉ ሰልፉ ውስጥ የሚወድቅ ነገር ስትፈልግ ዋለች። ባርኔጣ አገኘች፤ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። ከዚያ ከሰልፈኛው ኋላ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሰገነት ላይ፣ የተጨናነቁ ተመልካቾች መከታው ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ኩባያ በክርናቸው ገፉ። ኩባያው ወረደ፣ ባዶ የእግረኛ መንገድ ላይ ነጠረ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በዚያ ሁሉ ጩኸትና ባንዲራ መካከል አንድ ተራ ኩባያ ብቻውን እውነቱን ተናግሮ አለፈ።

የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ በድሪያ ዘውድነሽ ከሰገነታቸው ላይ ምስማር ያሠረችበት ሲባጎ ስታወርድ አይተው፣ “ልጄ፣ ቤቱን ልትገዢው ነው ወይስ ልትወርሺው?” አሏት።

“ኩባያዎን ልፈልግ ነው፣ እትዬ።”

“የሰልፉን ቀን የወደቀውን? ጎኑ ጎደጎደ እንጂ አለ። ውሰጂው እሱን።”

ከመከታው እስከ መሬት ሦስት ሜትር ከአሥራ አራት ሳንቲ ሜትር። በደብተሯ ሒሳብ፣ ከዚያ ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ለመድረስ ከሰከንድ አሥር እጅ ስምንቱን ይፈጃል። ካሜራው ሃያ አራት ቢያነሳ አሥራ ዘጠኝ ፍሬም መሆን አለበት። ቆጠረች። አሥራ ሦስት። መርፌዋን አስቀምጣ እንደገና ቆጠረች፤ አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስቱን ለስምንት አሥረኛው ስታካፍል አሥራ ስድስት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የተረፈችው ቁራጭ ከቁብ የምትገባ አይደለችም። የጋሪውን ሠላሳ ሦስት ፍሬም ለአሥራ ስድስት አካፈለች። በሰዓት አሥራ አራት ኪሎ ሜትር።

ከደስታዋ ጋር ፍርሃትም መጣ። ሃምሳ አለቃ ገብረወልድ ስለ ስምንት አሥረኛ ሰከንድ ምን ግድ አላቸው? ሒሳቡን ጽፋ ብትሰጣቸው፣ ይህን ማን አለ ይሏታል። እንግዲህ ያኔ ነው በሙያዋ ያሰበችው። ኩባያው የሚወድቅበትን ቁራጭ፣ ሁለት ሜትር ያህል፣ ከፊልሙ ላይ ቆረጠች፤ አንድ ፍሬም እንኳ እንዳይጠፋ በሙጫ ፋንታ በስኮች ጫፍና ጫፉን ገጥማ ቀለበት አደረገችው። የመንግሥት ፊልም መቁረጥ ነው። አቶ አብተው አይተው፣ ምንም ሳይሉ በሩን ዘጉላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሸንጎው በሲኒማ ቤቱ ተሰየመ። ተሻለች ወጌሻ ያሠረላት ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ መጣች። ደሊልም ተጠርቶ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ዘውድነሽ ከመጋረጃው ጎን መሰላል አቁማ፣ በመሰላሉ ላይ ሦስት ሜትር ከአሥራ አራት የሚሆነውን ቦታ በኖራ አስምራ ነበር። ፊልሙ ኩባያው እንዴት እንደወደቀ ደጋግሞ እንደሚያሳይ፣ እዚህ ደግሞ ያው ኩባያ ከዚያው ከፍታ እንደሚለቀቅ አስረዳች። ሁለቱ እኩል ከደረሱ ፊልሙ ትክክል ነው፤ ጓድ ኢተፋም ጋልቧል። እኩል ካልደረሱ የፊልሙ ጊዜ የእኛ ጊዜ አይደለም።

“ኩባያውን ማን ይለቃል?” አሉ ጓድ ገብረወልድ።

“እርስዎ የፈለጉት ሰው።”

ሰውየው አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ራሳቸው መሰላሉን ወጡ። ተሻለች፣ “ሌላ ሰው እንዳይሰበር መሰላሉን ያዙላቸው” አለች።

መብራቱ ጠፋ። በመጋረጃው ላይ ኩባያው ከመከታው ወረደና ነጠረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ሃምሳ አለቃው ዘግይተው ለቀቁ፤ ሦስተኛውን ቸኮሉ። ከአሥራ አንድ ሰከንድ በኋላ ኩባያው እንደገና ይወርዳል፤ ፊልሙ ቀለበት ነውና አይሰለችም። በስድስተኛው ጊዜ እጃቸው ከሥዕሉ ጋር ገጠመ። በመጋረጃው ላይ ኩባያው መሬት ነክቶ ነጠረ፤ የእኛው ኩባያ ግን ገና አየር ላይ ነበር። ከዚያ ቋ አለ። በሰባተኛውም እንዲሁ፤ በስምንተኛውም። ፊልሙ ይቀድማል፤ ድምፁ ይከተላል። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ያችን ትንሽ መዘግየት ያዳምጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ የራሱን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮው ሰማው።

ጓድ ገብረወልድ አሥራ ሁለት ጊዜ ለቀቁ። ወርደው ኮፍያቸውን አደረጉና፣ “መሬት ለእኔም ያው መሬት ነው” አሉ። ዘውድነሽ ወረቀቱን ሰጠቻቸው፤ ጎማውን፣ ነጥቦቹን፣ ሁለቱንም ቁጥር፣ ያሳፈራትን ሃያ አንድንም ጭምር። ለረጅም ጊዜ አነበቡት።

“ፊልሙን በአሥራ ስድስት ያደረገው ማነው?”

ዘውድነሽ ዓይኗን ወደ መሰላሉ መለሰች። ስሙን ላለማንሣት ቃል ገብታለች። ደሊል ከበሩ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ።

“እኔ ነኝ። የተሰጠኝ ሁለት ጥቅል ፊልም ነበር። በሃያ አራት ባነሣ ሰልፉ ግማሹ ሳይታይ ያልቅብኛል። በአሥራ ስድስት አደረግሁት።”

“ሳይነገርህ?”

“ሳይነገረኝ።”

“ሰልፈኛው በሙሉ ተነሣ?”

“ከፊት ባንዲራው እስከ መጨረሻው ሰው። ጋሪውም የገባው ጥቂት ተርፎኝ ነው።”

ሊቀመንበሩ ቃል ወደሚጽፈው ጸሐፊ ዞሩ። “ጻፍ” አሉ። “ካሜራ አንሺው የመንግሥትን ፊልም ቆጥቧል።” ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ቀና ሲል፣ “ቆጥቧል ነው ያልኩህ” ብለው ደገሙለት።

ውሳኔው አጭር ነበር። ኢተፋ መርዳሳ ከተፈቀደው ፍጥነት አላለፈም፤ ፈረሱ ይመለስለት። ግን ዘንጉ የሰው ክንድ ሰብሯልና፣ ክንዱ እስኪድን ተሻለችን ወደ ወጌሻ ያመላልሳት። ተሻለች ፈቃዷን ተጠየቀች። ወደ ኋላ ስትረግጥ ዞር ብላ እንዳላየች፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ብትናገር ሰሚ እንዳላገኘች ነግራ ተስማማች።

የቀበሌው ግቢ ሲከፈት ቦራ ከቆመበት ቀና አለ። አንድ ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው የቆመ ፈረስ ነው፤ ጉልበቱ ተሳስሯል፣ ጎኑ ሟሽሿል። ኢተፋ ገመዱን ሲፈታ በኦሮምኛ አንድ ነገር በጆሮው አንሾካሾከለት፤ ዘውድነሽን ደግሞ “ገላቶሚ” ብሎ አመሰገናት። ተሻለች ጋሪው ላይ ልትወጣ ስትል ፈረሱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ይህማ ዛሬ ለራሱም ወጌሻ ያስፈልገዋል” አለች። “ተወው ኦቦ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። እሱም ትንሽ ይፍታታ።”

እናም አራቱ፣ ተሻለች ክንዷን ታቅፋ፣ ዘውድነሽ ከጎኗ፣ ኢተፋ ገመዱን ላላ አድርጎ ይዞ፣ ቦራም ባዶ ጀርባውን እያወዛወዘ፣ በገበያው መንገድ ወደ ወጌሻው ቤት በእርምጃ ወረዱ።